ሰዓት ተኩል ስንት ሰከንድ ነው

ዌንግ ቢሺያን ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የጠየቃት ሰው ሁሉ የሚሰማው መልስ አንድ ነበር። “ሰዎች ስለ ጊዜ የሚጽፉትን ቃል ወደ ቁጥር እለውጣለሁ” ትላለች። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ጨዋታ ይሻገራል። እሷም ካልጠየቋት አትጨምርም።

ነገሩ ግን ከባድ አልነበረም። ማሽን “ሁለት ሰዓት” ሲሉት አይገባውም፤ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ሰከንድ ሲሉት ነው የሚገባው። ሰው ደግሞ ጊዜውን በሰከንድ አይቆጥርም። በመሀል አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ያን አስተርጓሚ በኮድ የጻፈችው እሷ ናት። የምትሠራበት አነስተኛ ድርጅት በታይናን ከተማ ሲሆን፣ በባሕሩ ዳር ላሉ የዓሣ ኩሬዎች የሚሆን አንድ ሣጥን ይሠራል። የኩሬው ባለቤት ከሩቅ ሆኖ በስልኩ “አርባ ደቂቃ” ወይም “ሁለት ሰዓት” ብሎ ይጽፋል። ሣጥኑ መልእክቱን ተቀብሎ የውሃ መንኮራኩሮቹን ያስነሳል፤ መንኮራኩሮቹ ውሃውን እየመቱ አየር ያስገቡለታል፤ የታዘዘው ጊዜ ሲሞላ፣ ሞተሩ እንዳይግል፣ ሣጥኑ ያጠፋቸዋል። ሞቃትና ነፋስ የሌለበት ቀን ሲሆን እነዚህ መንኮራኩሮች ከቆሙ ዓሣው ይታፈናል።

ቢሺያ አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። አላገባችም። ከእናቷ ጋር በአንድ ጠባብ ቤት ትኖራለች፤ ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው ማዶ ካለው ሱቅ የዓሣ ገንፎ ይበሉና እሷ ወደ ሥራ፣ እናቷ ወደ ቤተ መቅደሱ ግቢ ይሄዳሉ። ሁለቱ ብዙ አያወሩም። የተጣሉ ግን አይደሉም፤ ዝምታቸው የቆየ ነው።

የተወለደችው በጨው ሠራተኞች መንደር ነው። ቤት ውስጥ የሚነገረው ታይዋንኛ ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ ያ ቋንቋ በግቢው ውስጥ የተከለከለ ሆኖ ቆያት። ሁለተኛ ክፍል ሳለች ጓደኛዋ እርሳሷን ስትነጥቃት ሳታስበው በቤቷ ቋንቋ “መልሺልኝ” አለች። መምህሩ ጥፋቷ የተጻፈበት ሰሌዳ በአንገቷ አንጠልጥሎ እስከ መውጫ ደወል ድረስ በረንዳ ላይ አቆማት። እናቷ ይህን በሰማች ጊዜ አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጇ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ብቻ ማውራት ጀመረች። ችግሩ እናቲቱ ከዚያ ቋንቋ የምታውቀው ጥቂት ቃል መሆኑ ነው። “ብዪ፣” “ተኚ፣” “ተጠንቀቂ” ከሚለው የሚያልፍ አልነበረም። ቤቱ በዚያው ጸጥ አለ።

ቢሺያ ጎበዝ ተማሪ ሆና አደገች፤ ታይዋንኛው ግን በአፏ ላይ ደረቀ። ሲነገር ትሰማዋለች፤ ልናገረው ስትል ይጠፋባታል። በሥራዋ ይህ ጎድቶኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ሽማግሌዎቹ ዓሣ አርቢዎች እንደሚናገሩት አድርገው ቢጽፉም፣ አብዛኛውን ቃላቸውን ሰብስባ ኮዷ ውስጥ አስገብታለች። የማይታወቅ ቃል ሲመጣ ደግሞ ኮዱ ከሚያውቀው ቁራጭ ተነስቶ እንዲገምት አድርጋዋለች። ሽማግሌዎቹ ረጅም መልእክት ማንበብ ይሰለቻሉ ስለተባለም፣ ሣጥኑ የሚመልሰው መልስ “ትእዛዝዎ ደርሷል” የሚል ብቻ እንዲሆን አሳጠረችው።

በመስከረም አጋማሽ አንድ ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ የተዘጉ አቤቱታዎችን ታገላብጥ ነበር። ግዴታዋ ሆኖ አይደለም፤ ልማድ ነው። አንዱ ላይ ዓይኗ አረፈ። ነሐሴ ሦስት ቀን ቺጉ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ወረዳ ኾንግ ቲየንዲንግ የተባሉ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ኩሬ ውስጥ ስምንት ሺህ ያህል ‘የወተት ዓሣ’ የሚባል የእርባታ ዓሣ ባንድ ከሰዓት በኋላ አልቋል። ሰውየው ሚስታቸውን ለኩላሊት እጥበት ወደ ሆስፒታል ወስደው ነበር። ከመሄዳቸው በፊት መንኮራኩሮቹን በስልክ አዘዋል። የአቤቱታ ክፍሏ ልጅ በድርጅቱ መዝገብ አይታ “ደንበኛው በሁለት ጊዜ ያዘዙት ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ማሽኑ የታዘዘውን ፈጽሟል” ብላ ጽፋለች። ከሥሩ ልጃቸው በስልክ የሰጠው ቃል ሰፍሯል፦ “አባቴ ዕድሜው ገፍቷል፣ ይረሳል። ስላስቸገርናችሁ ይቅርታ።”

ያ “ይቅርታ” የሚለው ቃል ቢሺያን ወጋት። ሰባት ኪሎ ሜትር በሞተር ብስክሌት ሄዶ፣ አውቶቡስ ቀይሮ፣ ሚስቱን ሆስፒታል የሚያደርስ ሰው፣ በዚያ ሙቀት፣ ለአራት ሰዓት መንገድ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ያዛል? የአቤቱታ ክፍል የማያየውን፣ መልእክቶች እንደመጡ ሳይነኩ የሚቀመጡበትን መዝገብ ከፈተች። የሽማግሌው መልእክት እዚያ ነበር። በዚያ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ልከዋል፣ አንዱን ከመሄዳቸው በፊት፣ ሌላውን ከሄዱ በኋላ፤ በሁለቱ መሀል ልክ ዘጠና ደቂቃ አለ። ሁለቱም ላይ የተጻፈው አንድ ነው።

“ሰዓት ተኩል።”

የራሷን ኮድ ከጎኑ ከፈተች። ኮዷ ከ“ሰዓት” በፊት ቁጥር ይፈልጋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቁጥር ሲያጣ ሰዓቱን ዜሮ አድርጎ “ተኩል” የሚለውን ብቻ ይዟል። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰከንድ። መሆን የነበረበት አምስት ሺህ አራት መቶ ነው።

እንዲያም ሆኖ እርግጠኛ አልሆነችም። ምሳ ሰዓት ላይ ቤቷ ሄዳ እናቷን ጠየቀቻት።

“እማ፣ አንድ ሰው በኛ ቋንቋ ‘ሰዓት ተኩል’ ቢል ምን ማለቱ ነው?”

እናቷ የምትልጠውን ሽንኩርት ሳታስቀምጥ አየቻት። “ምን ማለቱ ይሆናል? አንድ ሰዓት ከግማሽ ነዋ።”

“ግማሽ ሰዓት ማለት አይሆንም?”

“ግማሽ ሰዓትማ ግማሽ ሰዓት ነው። ልጄ፣ ይህንንም አታውቂም?” አለች እናቷ። ከዚያ ራሷ በተናገረችው የደነገጠች ይመስል ዓይኗን ወደ ሽንኩርቱ መለሰች። “ከየት ታውቂዋለሽ፤ አላስተማርኩሽም” አለች ዝግ ብላ።

ቢሺያ በዚያው ቀን ኮዱን አስተካከለች። በማግስቱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ሹዌ ይባላል፤ ከሷ በስምንት ዓመት ያንሳል፤ እንደ ደንቡ “እህት ቢሺያ” እያለ ይጠራታል። የተፈጠረውን ሁሉ ነገረችው። እስክትጨርስ ሰማት።

“እህት ቢሺያ፣ ሰዎቹ አቤቱታቸውን ትተዋል” አላት። “አሁን ሄደን ብንቀሰቅሰው ለማን ይጠቅማል? ዓሣው አይነሳ።”

“ዓሣው አይነሳም። ሰውየው ግን ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ተቀምጧል።”

“ኮዱን አስተካክዪው።”

“ትናንት አስተካክዬዋለሁ።”

“እንግዲያስ ምን ቀረሽ?”

“ቅዳሜ ቺጉ እሄዳለሁ።”

ሹዌ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያስተዳድራቸው አሥራ አንድ ሠራተኞች ነበሩት። “በድርጅቱ ስም አትሂጂ” አለ በመጨረሻ።

“በራሴ ስም ነው የምሄደው።”

ዓርብ ማታ ከእናቷ ጋር ኩሽና ውስጥ ቁጭ አሉ። ቢሺያ ለሽማግሌው በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ብትነግራቸው ግማሹ እንደማይደርሳቸው ገብቷታል። “ጥፋቱ የኔ ነው” የሚለው በታይዋንኛ እንዴት እንደሚባል እናቷን ጠየቀቻት። እናቷ አለችላት። ቢሺያ ደገመችው። እናቷ ድምፁን አስተካከለችላት፤ ደግማ አለችው፤ እንደገና አስተካከለችላት። እንዲህ ሲያደርጉ ብዙ ቆዩ።

ሽማግሌውን ኾንግ ቲየንዲንግን ሰው ሁሉ አጎት ዲንግ ይላቸዋል፤ ቤታቸው ከኩሬው ዳር ያለ ዝቅተኛ የሸክላ ቤት ነው። ቢሺያ ስትደርስ በሩ ክፍት ነበር። የገባች ጊዜ መጀመሪያ ያየችው ወረቀቱን ነው። በየቦታው ትንንሽ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፏል። ምድጃው ላይ “ጋዙን አጥፋ” ይላል። በሩ ላይ “ቁልፍ ያዝ።” የስልኩ መደርደሪያ ላይ “ከመላክህ በፊት ሁለት ጊዜ አንብብ።” የመድኃኒቱ ሣጥን ላይ “የሉዋን፤ ጠዋት።” ሉዋን ሚስታቸው ናት፤ በዊልቸር ተቀምጣ ባቄላ ትለቅማለች።

አጎት ዲንግ ከጓሮ ገቡ፤ ቀጭን፣ ፀሐይ ያከሰላቸው ሰው ናቸው። ከየት እንደመጣች ስትነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

“የማሽኑ ሰዎች ናችሁ? እኛ አቤቱታ የለንም። ልጄ ነግሯችኋል።”

“አጎት ዲንግ፣ ስለ አቤቱታ አልመጣሁም። የምነግርዎት ነገር አለ።” የተለማመደችው ሁሉ ጠፋባትና የሚከተለውን ቃል በየተራ እየፈለገች ጨረሰችው። “ጥፋቱ የኔ ነው። የርስዎ አይደለም።”

በወረቀት አትማ ያመጣችውን መልእክታቸውን ዘረጋችላቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አጠለቁ፤ ወረቀቱን አቅርበው፣ አርቀው፣ እንደገና አቅርበው አዩት። መልእክት ስልኩን ይሞላዋል ብለው እየደመሰሱ ስለሚኖሩ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የራሳቸውን ጽሑፍ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

“ሰዓት ተኩል” አሉ። “ይሄ የኔ ነው?”

“የርስዎ ነው። ሁለት ጊዜ ልከዋል። ሁለቱንም በሰዓቱ።”

“ሠላሳ ደቂቃ ያልኩትስ?”

“ሠላሳ ደቂቃ ያሉት እርስዎ አይደሉም፤ የኔ ኮድ ነው። ከሰዓት በፊት ቁጥር ይፈልጋል። እርስዎ ‘አንድ’ አላሉም።”

“ለምን እላለሁ? ማን ነው እንዲያ የሚለው?”

“ማንም አይልም። ኮዱ ግን ቁጥር ሲያጣ ሰዓቱን ዜሮ አደረገው። ግማሹ ብቻ ቀረ።”

“ሰዓት ብዬ ጽፌ እንዴት ዜሮ ይሆናል?”

“እኔ ስለጻፍኩት ነው። የማያውቀው ነገር ሲመጣ መጠየቅ ነበረበት። እኔ እንዲገምት አደረግኩት። ምን እንደገባው እንኳ መልሶ እንዲነግርዎት አላደረግኩም።” ከወንበሯ ተነስታ ይቅርታ ለመጠየቅ ጎንበስ አለች፤ እንደዚያው ቆየች።

ቤቱ ውስጥ የባቄላው ድምፅ ቆሟል። አጎት ዲንግ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ዳበሱት።

“አርባ ቀን” አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። “አርባ ቀን ራሴን ስጠራጠር ነው የኖርኩት። ባለፈው ባንክ ቤት ስሜን ጽፌ ትክክል መሆኑን ልጅቷን ጠየቅኳት። ልጄ ሲያወራኝ ቀስ እያለ ሆኗል፤ እንደ ሕፃን። ኩሬዬን ለጎረቤት አከራይቶታል። ባለፈው ሳምንት ፈረምኩ። ልክ ነው ብዬ ፈረምኩ። ሠላሳ ደቂቃና ሰዓት ተኩልን የማይለይ ሰው ኩሬ ምን ያደርግለታል?”

ቢሺያ ከጎነበሰችበት ቀና አላለችም።

“ይህን ቀደም ብለሽ ማምጣት አትችዪም ነበር?”

“ያየሁት ማክሰኞ ነው።”

“ማክሰኞ” አሉ ሽማግሌው። ወደ ውጭ አዩ። ኩሬውን የተከራዩት ሰዎች ለዓሣው ምግብ እየበተኑ ነበር።

አክስት ሉዋን ዊልቸሯን ገፋ አድርጋ ወደ ምድጃው ተጠጋች። እጇን ዘርግታ “ጋዙን አጥፋ” የሚለውን ወረቀት ላጠችው። ቀጥላ የበሩን፣ ቀጥላ የስልኩን። አንዱን ስትልጥ ከግድግዳው ቀለም ጋር ተላጠ። የመድኃኒቱ ሣጥን ጋ ስትደርስ ባሏ ተናገሩ።

“እሷን ተያት። መድኃኒቱን ዱሮም እረሳለሁ።”

አክስት ሉዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሺያን ቀና ብላ አየቻት። “እኔም አምኜ ነበር” አለቻት። “አርባ ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ከናንተ የመጣ አንድ ወረቀት ሠላሳ ደቂቃ ስላለኝ አመንኩ።” ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ሽማግሌው አሁንም ጎንበስ እንዳለች ያስተዋሉት ያኔ ነው። “ቀና በይ፤ ወገብሽ ይያዛል” አሏት። “ታይዋንኛሽ ደግሞ የሕፃን ልጅ ነው። የት ነው የተማርሽው?”

“እናቴ ቤት። ስምንት ዓመቴ ላይ አቆምኩ።”

እሳቸውም በዚያው ዘመን ልጅ ትምህርት ቤት የላኩ ናቸውና ለምን ብለው አልጠየቋትም። ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አደረጉላት።

“ተቀመጪ። የያዝሽው ደብተር ካለ አውጪ። እዚህ አገር ሰው ጊዜን እንዴት እንደሚናገር ልንገርሽ፤ ሌላው ኩሬ ላይ ደግሞ እንዳትደግሚው።”

ያን ከሰዓት በኋላ እሳቸው ሲናገሩ እሷ ስትጽፍ ዋለች። ሰዓት ተኩል ምን እንደሆነ፣ “ሁለት ሦስት ሰዓት” ያለ ሰው ሦስቱን ማለቱ እንደሆነ፣ “እስኪነጋ” ያለ ሰው በበጋና በክረምት አንድ እንዳልሆነ።

“ሰው ‘ግማሽ ቀን ጠበቅኩህ’ ካለሽ ደግሞ” አሉ፣ “ስድስት ሰዓት ብለሽ እንዳትጽፊ። ተናድዷል ብለሽ ጻፊ።”

አክስት ሉዋን ከወዲያ ሳቀች። ሽማግሌው አልሳቁም።

በሚቀጥለው እሑድ ልጃቸው ከከተማ መጣ። ቢሺያ ትታው የሄደችውን ወረቀት አነበበ። “አባ፣ ውሉን ላፍርሰው?” አለ። “አታፍርስ” አሉት አባቱ። “ሰው ዓሣ ከቶበታል።” ኩሬው ዓመቱን ሙሉ በሰው እጅ ቆየ። አጎት ዲንግ ጠዋት ጠዋት ዳሩ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ከተከራዮቹ ጋር ግን አይነጋገሩም።

ቢሺያ ከሥራ አልተባረረችም። ሹዌ ለሁለት ወር ያህል ከግድ በቀር አላናገራትም፤ በኋላ አንድ ቀን ራሱ ብቻውን ቺጉ ደርሶ መጣ። እዚያ ምን እንደተባለ አልነገራትም፤ ሲመለስ ግን ኮዱ እንዳይገምት፣ ያልገባውን እንዲጠይቅ፣ የገባውንም በሰውየው በራሱ ቃል እንዲመልስ ያቀረበችውን ሁሉ ሳይከራከር ፈረመላት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ቢሺያ ቅዳሜ ቅዳሜ በባሕሩ ዳር ያሉትን መንደሮች አዳረሰች። እናቷን ይዛት ትሄድ ነበር። እናቲቱ በየደጁ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትጫወታለች፤ ልጅቷ ከጎኗ ትጽፋለች። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ እናትየው ስለ ሞተ ባሏ፣ ስለ ጨው እርሻው፣ ልጇ ሰምታው ስለማታውቀው ነገር ሁሉ በራሷ ቋንቋ ታወራላታለች። ቢሺያ አንዳንዴ ይገባታል፤ አንዳንዴ አይገባትም። ሳይገባት ሲቀር ታስቆማትና ትጠይቃታለች።

የኪራዩ ዘመን አልቆ ኩሬው ሲመለስላቸው፣ አጎት ዲንግ በሚያዝያ አዲስ የዓሣ ጫጩት ከተቱ። ከዚያም ለቢሺያ ደወሉላት፤ ሣጥኑን እንድታነሳላቸው።

“ጥሩ ማሽን ነው” አሏት ስትመጣ። “አሁን ይሰማል አሉ። ጎረቤቶቼ ይዘውታል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያን ቀን አስባለሁ። አንሺልኝ።”

አልተከራከረችም። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታች፤ ሽቦዎቹን ጠቀለለች፤ ሣጥኑ የተሰቀለበትን ምሰሶ በጨርቅ ጠረገች። አክስት ሉዋን ሳትበላ እንዳትሄድ አለች። የዓሣውን ሆድ፣ ስቡን፣ ከባሏ ሳሕን አንስታ ወደ ቢሺያ ሳሕን አዛወረችው። በእጥበቱ ቀን የጎረቤት ሴት እየመጣች ውሃውን እንደምትጠብቅላቸው ነገረቻት።

ከበሉ በኋላ ሽማግሌው ወደ ኩሬው ወጡ። ቢሺያ ሣጥኑን አቅፋ ተከተለቻቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን ያረጀ ማብሪያ በአውራ ጣታቸው ጫኑት፤ መንኮራኩሮቹ ውሃውን እየመቱ ተነሱ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያዞሯቸው አልተናገሩም፤ እሷም አልጠየቀችም።